ከተለቀመ በኋላ የሚበሰብሰው ፍራፍሬና የማይታዩት ጠባቂዎቹ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



የበዓል ቀን ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለተገኘው ውጤት ይናገራል። ይህኛው ግን የሚናገረው ከእጅ ስለሚያመልጠው ነው። በመስኖ ለምቶ፣ ተጠብቆ፣ አምሮ ካፈራ በኋላ ገበያ ሳይደርስ ወይም ገበያ ላይ እንዳለ ስለሚበሰብሰው ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካንና ሎሚ ነው።

እንደሚታወቀው በዋግ ምድር ውሃ ውድ ነው። ከተከዜና ከጥራሪ ተፋሰስ በቦይ፣ በሞተር ፓምፕ ወይም በጀርባ ተሸክሞ የመጣ ውሃ ያበቀለው አንድ ማንጎ ሲበሰብስ የጠፋው ፍሬው ብቻ አይደለም። የጠጣው ውሃ፣ የተኮተኮተበት ጉልበት፣ የተጫነበት አህያ፣ የተገዛበት ጆንያ ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። አንድ የቆላ አርሶ አደር 100 ማንጎ ጭኖ ወጣ እንበል። ከእነዚህ መካከል 20ው ቢበሰብሱ የጭነቱን ዋጋ የከፈለው ለ100ው ነው፤ ገዢው ግን የሚከፍለው ለ80ው ብቻ ነው። እንዲያውም ለ80ውም በሙሉ ዋጋ አይከፍልም። የተበላሸ ፍሬ ያየ ነጋዴ የቀረውንም ዝቅ አድርጎ ይጠራል፤ አርሶ አደሩም ጀምበር እያዘቀዘቀች፣ ፍሬው እየለሰለሰ መሆኑን ስለሚያውቅ የተባለውን ይቀበላል። የመደራደር አቅም የሚባለው ነገር በዋናነት ፍሬው ስንት ቀን ይቆያል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ቀን የሚቆይ ፍሬ ያለው ሰው ይለምናል፤ አሥር ቀን የሚቆይ ያለው ሰው ይደራደራል።

ይህ የዋግ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ለሰው ልጅ ከሚመረተው ምግብ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ያህል ይባክናል፤ ፍራፍሬና አትክልት ደግሞ ከሌላው ሰብል ይበልጥ ይጠፋል። ለዚህ አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና የዚህችን ከተማ ስም የያዘው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የተገባ ቃል ነው። ማንጎና ፓፓያ ቫይታሚን ኤ የሚሆን ንጥረ ነገር በብዛት ስላላቸው በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታቸው ትልቅ ነው። በስብሶ የተጣለ ፓፓያ ደግሞ ለማንም ልጅ አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፍራፍሬን የሚያበሰብሰው ምንድን ነው? ብዙ ሰው "ሙቀት ነው" ወይም "ዘመኑ ነው" ይላል። ሙቀት ያፋጥናል እንጂ አያበሰብስም። አበስባሾቹ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ በተለይም ፈንገሶች ናቸው። ሻጋታ ሲባል ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሁሉም ሻጋታ በአንድ መንገድ አይገባም። የመከላከያው ዘዴ የሚለየውም በዚህ የተነሳ ስለሆነ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

በብርቱካንና በሎሚ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ሳይንሳዊ ስሙ ፔኒሲሊየም ዲጂታተም ይባላል። ይህ ፈንገስ ሌባ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ የሚሰረስር ሌባ አይደለም፤ ክፍት በር የሚፈልግ ነው። ጤነኛና ያልተጫረ ልጣጭን መብሳት አይችልም። በጥፍር ጭረት፣ በእሾህ ወጋ፣ ከዛፍ ወድቆ በተሰነጠቀ ወይም እንቡጡ ተጎትቶ በተነቀለበት ቀዳዳ ነው የሚገባው። ከገባ በኋላ በመጀመሪያ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ለስላሳ ቦታ ይታያል፤ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያም አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ያ አረንጓዴ ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ከአንዲት የበሰበሰች ብርቱካን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዘር ይነሣል። ጆንያው ሲራገፍ አቧራ ሆኖ በቀሪው ላይ ይነሰነሳል፤ በባዶው ጆንያ ላይም ተጣብቆ ለሚቀጥለው ምርት ይቆያል።

የማንጎና የፓፓያ ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አንትራክኖዝ ይባላል። ይህኛው የሚገባው ፍሬው ገና ሲያብብ ወይም ጥሬ ሳለ፣ ጤዛ ወይም ዝናብ ባለበት ጊዜ ነው። ገብቶም ወዲያው አያጠፋም፤ ከልጣጩ ሥር እንደ ተዳፈነ ፍም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ፍሬው ጥሬ ሳለ ራሱን የሚከላከልባቸው ንጥረ ነገሮች ስላሉት ፈንገሱ አይንቀሳቀስም። ፍሬው ሲበስል ግን መከላከያው ይደክማል፤ ስኳሩ ይጨምራል፤ የተዳፈነውም ይነሣል። አርሶ አደሩ "ስለቅመው አንድ እንከን አልነበረበትም" የሚለው እውነቱን ነው። በእጁ የያዘው ውስጡ የታመመ፣ ውጪው የሚያምር ፍሬ ነበር። እዚህ ላይ ዋግ ከሌላው አካባቢ የተሻለ ዕድል አለው። ደረቁ አየር ለዚህ ፈንገስ አይመቸውም። ማንጎው በሚያብብበት ወቅት ዝናብ ከሌለና ውሃው በቦይ ወደ ሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ ካልተረጨ ፈንገሱ የመግቢያ ጊዜ ያጥረዋል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጠላቶቹ ነው። አሁን ስለ ጠባቂዎቹ።

በአንድ ፍሬ ልጣጭ ላይ የሚኖሩት አበስባሾቹ ብቻ አይደሉም። በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችና እርሾዎች አብረው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ፍሬውን አይጎዱም፤ ከልጣጩ በሚወጣው ጥቂት ስኳርና እርጥበት ይኖራሉ። በቅጠሉ፣ በሥሩ፣ እንዲያውም በግንዱና በፍሬው ሥጋ ውስጥ የሚኖሩም አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ለፍሬው ዘብ ናቸው።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። ከ30 ዓመታት በፊት በአሜሪካና በእስራኤል ያሉ ተመራማሪዎች የብርቱካን ዝርያ ፍሬዎችን አጥበው፣ እጣቢውን በመመገቢያ ሳህን ላይ አፈሰሱት። እጣቢው ሳይቀጥን እንዳለ ሲፈስ የበቀሉት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ብቻ ነበሩ። ውሃ ጨምረው ሲያቀጥኑት ግን አበስባሾቹ ፈንገሶች ብቅ አሉ። ማለትም ፈንገሶቹ ከመጀመሪያውም ነበሩ፤ ነገር ግን ጎረቤቶቻቸው አፍነው ይዘዋቸው ነበር። ታጥቦ የደረቀው ፍሬም ካልታጠበው ይልቅ ቶሎ በሰበሰ። ዘበኞቹ ከእጣቢው ጋር ሄደዋልና። ንጹሕ እንዲመስል ተብሎ ፍሬን በጅረት ውኃ መዘፍዘፍ የለመደ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ይበጃል። ያውም አንድ የበሰበሰ ፍሬ በገባበት ገንዳ መቶውን ማጠብ ማለት በሽታውን ለመቶው እኩል ማካፈል ነው።

ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን የሚሠሩት እንዴት ነው? ዋናው ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ ቀድሞ መቀመጥና ማዕዱን ቀድሞ መብላት። ብርቱካን ሲጫር ከቁስሉ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ይወጣል። የሻጋታው ዘር ለመብቀል ያንን ፈሳሽ ይፈልጋል። እርሾ በቁስሉ ላይ ቀድሞ ከደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተባዝቶ ቦታውን ይሞላዋል፤ ስኳሩንም ይጨርሰዋል። የሻጋታው ዘር ሲመጣ የሚበላውን ያጣል፤ ሳይበቅልም ይቀራል። አንዳንዶቹ እርሾዎች ከምግቡ ውስጥ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ይሰበስባሉ፤ ፈንገሱም ያለ ብረት መኖር አይችልም። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ፈንገስን የሚገድል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሌሎች የፈንገሱን ግድግዳ የሚያሟሟ ኢንዛይም አላቸው። የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉም የሚገርም ነው። ተሕዋስያኑ ፍሬውን ራሱን ያነቁታል፤ ልጣጩም መከላከያውን እንዲያጠናክር ያደርጉታል።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ጠቃሚ ተሕዋስያን ይከላከላሉ እንጂ አያድኑም። ሻጋታው ከገባና ሥሩን ከዘረጋ በኋላ እርሾ መርጨት ጅብ ከሄደ በኋላ እንደመጮህ ነው። ስለሆነም የሚረጩት ወይም ፍሬው የሚነከርባቸው በተለቀመበት ዕለት ነው። እንደ አንትራክኖዝ ላሉት አስቀድመው በዛፍ ላይ ለሚገቡት ደግሞ ብቻቸውን አይበቁም፤ ከመልቀም በፊትም በዛፉ ላይ ሳሉ መርጨት ወይም ከሙቅ ውሃ ጋር ማቀናጀት ያስፈልጋል።

ነገሩ እንግዳ ለመሰለው ሰው ወደ ቤቱ ጓዳ ይመልከት። የእንጀራ እርሾ ምንድን ነው? ካለፈው ሊጥ የተረፈው ቢጫ ውሃ ሕይወት ያላቸው እርሾዎችና አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የሞሉበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያሉትን እነዚህን ነፍሳት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲያጠኑ ቆይተዋል። አንዲት እናት እርሾዋ ሲጠፋባት ከጎረቤት ትዋሳለች እንጂ ዝም ብላ አታቦካም። ምክንያቱም ያልታወቀ ነገር ሊጡን ከያዘው እንጀራው እንደማይወጣላት ታውቃለች። ጠላና ጠጅም እንዲሁ ናቸው። ስለሆነም ጠቃሚውን ነፍስ አስቀድሞ አስገብቶ ጎጂውን ማስቀረት ለዋግ ሴቶች የዕለት ሥራ ነው፤ ስሙን በሳይንስ ቋንቋ አልጠሩትም እንጂ። (ይህ ማለት ግን የእንጀራ እርሾ በማንጎ ላይ ይቀባ ማለት አይደለም። የሊጥ እርሾ ለሊጥ የተመረጠ ነው፤ በፍሬ ላይ መራራና ጎምዛዛ ሽታ ከማምጣትና ዝንብ ከመጥራት በቀር የሚያደርገው መልካም ነገር አይታወቅም። ይህ በየስብሰባው ስለሚጠየቅ እዚህ ላይ መነገሩ አይከፋም።)

ባቄላና ሽምብራ የሚዘሩ አባላትም ሌላ ምሳሌ አላቸው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ በከረጢት ታሽጎ ሲመጣ ከዘሩ ጋር በጥላ ሥር ይታሻል፤ በሥሩ ላይ እንክብል ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ይሰበስባል። ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ይኸው ነው። በአገራችን መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ድርጅት ያመርተዋል። ይህን የተጠቀመ አርሶ አደር አንድ ነገር ተምሯል፦ ከረጢቱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ ያለው ይሞታል፤ የሞተውም ቢሆን መልኩ አንድ ነው። ለፍራፍሬ የሚሆኑትም ተሕዋስያን እንዲሁ ሕይወት ያላቸው ስለሆኑ እንደ ዩሪያ በየመጋዘኑ ተደርድረው የሚከርሙ አይደሉም።

ይህ ሥራ በዓለም ላይ የት ደርሷል? በአሜሪካ ፑዚና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ባሲለስ ሰብቲሊስ ከተለቀመ በኋላ የኮክ ፍሬን ከቡናማ ብስባሽ እንደሚከላከል አሳዩ። ኮክ ለደጋው ሰው እንግዳ ፍሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በዚያው አገር ሁለት ምርቶች ለገበያ ተመዘገቡ፤ አንዱ አስፓየር የተባለ ከእርሾ የተሠራ፣ ሌላው ባዮሴቭ የተባለ ከባክቴሪያ የተሠራ ነበር። በእስራኤል ሼመር፣ በደቡብ አፍሪካም ዪልድፕላስ የተባሉ ከእርሾ የተሠሩ ምርቶች ቀጥለው ወጡ። ይህን የሰማ ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ እንዳያስብ ግን አስፓየር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ መውጣቱም መነገር አለበት። በላቦራቶሪ ጥሩ የሠራ ነገር በትልልቅ መጋዘኖች ውስጥ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሌላ ጊዜ ያንሳል። ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ እኩል የሚሠራ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ "ባዮ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ሁሉ መድኃኒት አይደለም።

ከአገራችን ተመራማሪዎችም ይህን መስክ የያዙ አሉ። ሲሳይ መክብብ ከፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊዝ ኮርስተንና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት የብርቱካንን አረንጓዴ ሻጋታ የሚከላከሉ እርሾዎችንና አሠራራቸውን የመረመረ ነው። ከዚያ በፊትም ከኢትዮጵያ ዕፅዋት ከግዛዋና ዋጩ ከሚባለው የግራር ዓይነት የተጨመቀ ፈሳሽ በዚሁ ሻጋታ ላይ ሞክረዋል። ግዛዋ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ቅጠል ነው። ሆኖም በላቦራቶሪ ተለክቶ የተጨመቀውና በእጅ ተወቅጦ የሚቀባው አንድ ስላልሆኑ ማንም ተነሥቶ ቅጠል እንዳይቀባ።

ታዲያ መድኃኒት በኬሚካል መንከር አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በትልልቅ የውጭ እርሻዎች ብርቱካን በፀረ ፈንገስ ይነከራል። ነገር ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ በመጠቀም የተነሳ አረንጓዴው ሻጋታ ቲያቤንዳዞልና ኢማዛሊል የተባሉትን መድኃኒቶች በብዙ አገር ተላምዷቸዋል። ከዚህም ሌላ የተለቀመ ፍሬ ወዲያው የሚበላ ነው፤ መድኃኒቱ የሚረግፍበት ጊዜ የለውም። ልኬት በሌለበት፣ ጓንት በሌለበት፣ ለቲማቲም ማሳ የተገዛ ፀረ ተባይ በባልዲ በጥብጦ ፍሬን መንከር ሕፃናትን በእጅ እንደመመረዝ ይቆጠራል። ይህ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

ጠቃሚ ነው የተባለ ተሕዋስም ቢሆን ለሰው ደኅና መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቀድሞ ፔዉዶሞናስ ሴፓሺያ ይባል የነበረው፣ ዛሬ በርክሆልደሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍራፍሬን ከብስባሽ በመጠበቅ ረገድ የታወቀ ነበር። በኋላ ግን ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ በሳንባ ሕሙማን ላይ ከባድ ኢንፌክሽን እንደሚያስከትሉ ስለታወቀ ተስፋው ቀረ። ተመራማሪዎች አሁን እርሾ ሲመርጡ ከሚያዩት አንዱ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰው ገላ ሙቀት፣ አለማደጉን ነው። ስለሆነም ሕጉ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ደንግጓል። ዩኒየኑ ለአባላቱ ግብዓት ሲገዛ የምዝገባ ማስረጃ፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሚቀመጥና ለየትኛው ፍሬና ለየትኛው በሽታ እንደተፈቀደ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። ሻጩ ለሁሉም በሽታ ይሆናል ካለ እዚያው ላይ መተው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ምርቱ ቢገኝም ባይገኝም መሠረቱ አንድ ነው፤ የፍሬውን ቁስል መቀነስ። ዘበኛ መቅጠር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሩ መቶ ቦታ የተከፈተ ቤት ምን ያህል ዘበኛ ይበቃዋል? ዛፍን በዱላ መምታትና ቅርንጫፍን መነቅነቅ መቅረት አለበት። ብርቱካንና ሎሚ በመቀስ እንቡጡ ላይ ይቆረጣሉ እንጂ ተጎትተው አይነቀሉም። የለቃሚው ጥፍር ያጠረ ይሁን። ማንጎ ከነአጭር ዘንጉ ይለቀም፤ ዘንጉ ሲሰበር የሚወጣው ወተት ልጣጩን ያቃጥለዋል፤ ያ ያቃጠለው ቦታ ደግሞ በር ነው። ጤዛ ሳይደርቅ አይለቀም፤ እርጥብ ልጣጭ ቶሎ ይጫራል። መሬት የወደቀ ፍሬ ለብቻው ይያዝና በዚያው ቀን ይበላ እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

ጆንያ የፍራፍሬ ጠላት ነው። ይህን ለመናገር ማመንታት አያስፈልግም። በአህያ ላይ የተጫነ ጆንያ በየዳገቱ ፍሬን ከፍሬ ያፋጫል፤ ከሥር ያለውንም ይጨፈልቃል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውድ ነው ይባላል። ውድነቱ የሚታየው አንድ አርሶ አደር ብቻውን ሲገዛው ነው። ሳጥኑ የማኅበሩ ሆኖ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ወጥቶ የሚመለስና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ከሆነ ወጪው በብዙ ጉዞ ላይ ይከፋፈላል። ኅብረት ሥራ የተቋቋመውም እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሌላው በዋግ ሰዎች እጅ ያለና ብዙ ያልተሠራበት ነገር ቅዝቃዜ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የተከዜ ዳር ቆላ ከዚህ በብዙ ዝቅ ይላል። በ1,000 ሜትር ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የፍሬ አተነፋፈስና የፈንገስ እድገት ደግሞ ከሙቀት ጋር ይሄዳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የፍሬው አተነፋፈስ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በመሆኑም ማለዳ ጤዛው እንደደረቀ የተለቀመና በጥላ የቆየ፣ ከዚያም ማታ ወደ ደጋ የወጣ ፍሬ እኩለ ቀን ላይ ተለቅሞ በፀሐይ ከተጓዘው ፈጽሞ አይገናኝም። ሰው ለቀዝቃዛ መጋዘን ሚሊዮን ብር ይፈልጋል፤ ተራራው ግን በነፃ ቆሟል። በህንድ አገር ገበሬዎች ሁለት የጡብ ግድግዳ ሠርተው በመካከሉ አሸዋ ይሞላሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል። ውሃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ይህ ዘዴ ይበልጥ ይሠራል፤ የዋግ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። ማንጎና ፓፓያ ግን ከመጠን በላይ ቅዝቃዜ ስለማይወዱ ከ13 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን እንዲቆዩ አይመከርም።

ለማንጎ አንትራክኖዝ የሙቅ ውሃ ዘዴ አለ። ፍሬው በ52 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ይነከርና ይደርቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ አይሞከር። ጥቂት ዲግሪ ካነሰ ፈንገሱ አይሞትም፤ ጥቂት ከበለጠ ፍሬው ይቀቀላል። ለብርቱካንና ለሎሚ ደግሞ በየሱቁ ያለው የመጋገሪያ ሶዳ ይረዳል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 30 ግራም ተሟሙቶ ፍሬው ይነከራል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሶዳ ፈንገሱን አይገድልም፤ ያደክመዋል። ቀደም ሲል የተነገረው የታጠበ ፍሬ ቶሎ ይበሰብሳል የሚለው እዚህ ላይ ጥያቄ ያስነሣ ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው። ሶዳው ጠላትንም ወዳጅንም ከልጣጩ ያነሣል፤ ሥራውን ጨርሶ የሚተወው ነገር ስለሌለ በኋላ የመጣ ዘር ይበቅላል። ተመራማሪዎች በብዙ አገር እንዳዩት ከሶዳው በኋላ ጠቃሚው እርሾ ሲጨመር ሁለቱ በአንድነት ከሁለቱም ለየብቻ ይሻላሉ። ሶዳው ያጸዳል፤ እርሾው ይጠብቃል።

ለክቡራን የሥራ ኃላፊዎች አንድ ነገር። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ከተማ አለ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚሰበስብና የሚያስቀምጥ ክፍል አለው። በዋግ ሙቀትና ድርቀት የኖረ ማንጎ ልጣጭ ላይ ያሉት እርሾዎች ይህን ሙቀት የለመዱ ናቸው። ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ከዚሁ የተገኘው ቢመረጥ ይሻል ይሆናል፤ ይህ የሚታወቀው ግን ሲፈተሽ ነው። ዩኒየኑ ፍሬውንና ሳጥኑን፣ ማዕከሉ ላቦራቶሪውንና ባለሙያውን ይዘው ቢገናኙ ለሁለቱም ከባድ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ከአባላት በደብዳቤ ካልመጣ ግን ተመራማሪው ሌላ ሥራ አለው።

እስከዚያው እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በራሱ ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን የተለቀመ ብርቱካን ይውሰድ። በአራት ይክፈለው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል 50 ፍሬ። አንደኛው እንደተለመደው ተለቅሞ በጆንያ ይሁን። ሁለተኛው በመቀስ ተቆርጦ በሳጥን። ሦስተኛው በመቀስ ተቆርጦ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተነክሮ በሳጥን። አራተኛው በመቀስ ተቆርጦ በሶዳ ውሃ ተነክሮ በሳጥን። ሁሉም በአንድ ቤት፣ በጥላ ይቀመጡ። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው ቀን የበሰበሰው ተቆጥሮ ይጻፍና ይውጣ። ቆጣሪው የማሳው ባለቤት ባይሆን ይመረጣል፤ ሰው ለራሱ ፍሬ ያዳላልና። የተመዘገበ የተሕዋስያን ምርት በተገኘ ጊዜ አምስተኛ ሳጥን ይጨመራል። በውሃ ብቻ የተነከረው ሳጥን ያን ጊዜም አይቀርም፤ ምርቱ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው የሚታወቀው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ነውና። የሚመዘገብበት ቅጽ በየማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይሁን፤ የሦስቱ ቀን ቁጥር እንደተሞላም ወደ ዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ይላክ።